ሆቴል ያደረች እህት

ካዛንቺስ ስናድግ ከግቢያችን አጥር ጋር የተያያዘ ፔንሲዮን ነበር። ስሙ የተጻፈበት ቆርቆሮ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይንኳኳል፤ ማታ ማታ ደግሞ የእንግዶቹ ሳልና ሬዲዮ በስሱ ግድግዳችን አልፎ እኛው ቤት ይገባል። እናቴ ዘይነባ፣ አላህ ይማራትና፣ ያንን ሳል በሰማች ቁጥር እጇን ከትሪው ትመልስና «አይ የሰው ልጅ! ሰው የለውም መሰለኝ» ትል ነበር። ለእሷ ሆቴል የሚያድር ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ፈረንጅ ነው፣ ወይ ዘመድ አልባ ነው። ለፈረንጁ አታዝንም። ለሌላው ግን ሽሮ በሳህን ከድና በአጥሩ ቀዳዳ እንዳቀብል ስንቴ ልካኛለች።

ይህን ያስቀደምኩት ወሎ ስንሄድ የደረሰብን ነገር ያለ እሱ ስለማይገባ ነው። ሐይቅ የምትባለውን ከተማ አይታችሁ የማታውቁ፣ ወደፊትም የማታዩ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። እኔም ብሆን እናቴ ባትሆን ኖሮ ከደብረ ብርሃን አላልፍም ነበር።

እናቴ የሐይቅ ልጅ ናት። በሕይወት የቀራት ወንድም አንድ ሰይድ ብቻ ነበር፤ እሱም አያናግራትም። እናታቸው ስትሞት ጊዜው የጦርነት ነበርና የወሎ መንገድ ተዘግቶ መርዶው ካዛንቺስ የደረሰው ከስንት ወር በኋላ ነው። መንገዱ ሲከፈት መሄድ ነበረባት፤ አልሄደችም። መጀመሪያ እኛ ትንንሾች ነበርን፣ ቀጥሎ አባቴ ታመመ፣ በኋላ ደግሞ እፍረቱ ራሱ እግሯን ያዛት። ለቅሶ በቆየ ቁጥር ይከብዳል። አጎቴ ሰይድም ከአገር ቤት በመጣ ሰው ሁሉ አንድ ቃል ይልክባት ነበር፤ «እናቷን ያላለቀሰች እህት የለችኝም።»

አባቴ ባረፈ በዓመቱ፣ አንድ ጠዋት እህል ስትለቅም ድንገት ቀና ብላ «ሰይድ ሳያለቅሰኝ ልሞት ነው» አለችኝ። አላለቀሰችም፣ ድምጿንም ከፍ አላደረገችም። እኔ ግን ያን ቀን ቢሮ ሄጄ እንኳ ከጆሮዬ አልወጣም። ፈቃድ ሞላሁና ወሎ ልወስዳት ቆረጥኩ።

የምሠራው ኦሎምፒያ አካባቢ ነበር። ከእኛ ፎቅ ሥር ሄኖክ የሚባል ልጅ የጉዞ አማካሪ ቢሮ ከፍቶ ነበር፤ ግድግዳው በላሊበላና በጭላዳ ፎቶ የተሞላ፣ ሁለት ስልክ የሚይዝ፣ በጣም ሰው አክባሪ ልጅ። እኔ ደግሞ ሁሉ ነገር አስቀድሞ ተስተካክሎ ሲጠብቀኝ ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ፤ መሶብ እንኳ ሳይሞላ አትቀርብም ይሉኝ ነበር ቤት ውስጥ። እናቴን ይዤያት ሄድኩ።

«እማማ፣ እርስዎ ምንም አያስቡ» አላት ሄኖክ ወንበር እየሳበላት። «መኪና ከነሹፌሩ፣ ደሴ ላይ ሆቴል፣ ሐይቅ ዳር ሎጅ፣ ማለቴ፣ በጀልባም ትዝናናላችሁ። በቃ፣ ሐሳቡን ለእኔ ይተዉት።»

«ሐይቅን ታውቃታለህ?» አለችው።

«በደንብ! ፈረንጆች ይዤ ስንቴ ሄጃለሁ።»

«ሰይድንስ ታውቀዋለህ?»

ሄኖክ ወደ እኔ ዞረ። «ሰይድ... አዲስ ሎጅ ነው?»

ደረጃውን ስንወርድ እናቴ ክንዴን ይዛ ቆመች። «አንቺ ሐያት፣ አገሬን ስሄድ መንገድ መሪ ልከራይ? ሰው ምን ይለኛል?»

«አንቺስ እንዴት ልንሄድ አስበሽ ነበር?»

«ደብረ ሲና ብርቄ አለች። ደሴ ፋጡማ አለች። ከዚያ ወዲያ አላህ አለ» አለች፣ ነገሩ እንደዚያ ቀላል ይመስል።

ተከራክረን ተከራክረን ታረቅን፤ መኪናውና አልጋው የሄኖክ፣ ማረፊያው ግን የእሷ ይሁን አልን። አልጋው ለክፉ ቀን ይቀመጥ ተባለ። አሁን ሳስበው በአንድ መኪና ሁለት ጉዞ ጭነን ነው የወጣነው።

የመጀመሪያው ቀን። ሹፌራችን ግርማ ሳይነጋ በር ላይ ጥሩምባውን ነፋ፤ ግቢው ሁሉ ተነስቶ ሸኘን። አንዷ ዳቦ፣ አንዷ የተቀቀለ እንቁላል፣ አንዷ ለእሷ ዘመዶች ሰላምታ አስያዘችን። መስቀል አደባባይ ስናልፍ ሯጮቹ በጨለማው ደረጃውን ይወጣሉ ይወርዳሉ። «ማን አባሯቸው ነው?» አለች እናቴ እንደ ልማዷ። ጭኗ ላይ አንዲት ጥቁር የጨርቅ ቦርሳ ይዛ ነበር። ግርማ ከኋላ ላስቀምጥልዎት ቢላት እምቢ አለች።

ደብረ ብርሃን ብርዱ ለጉድ ነው። እኛ ሰፈር ክረምት ገባ ብለን የምንንቀጠቀጠው ለደብረ ብርሃኖች በጋ መሆን አለበት። ትኩስ ሻይ በዳቦ ጠጥተን ቀጠልን። ጣርማበር ላይ ጉሙ መንገዱን ዋጠው፤ ግርማ መብራት አብርቶ እንደ ዔሊ ሲሄድ እናቴ ዱዓ ታደርጋለች፣ እኔ መያዣውን ጨብጫለሁ። ዋሻው ውስጥ ገብተን በወዲያኛው አፍ ስንወጣ ግን አገሩ ከእግራችን ሥር ተዘረጋ። «ይኸዋ!» አለች እናቴ። ከዚያች ቃል ጀምሮ የእናቴ ድምፅ ተለወጠ፤ ካዛንቺስ የማላውቀው የአገር ቤት ዜማ ገባበት።

ደብረ ሲና ቆሎ ሻጮቹ መኪናው ሳይቆም መስኮታችንን ከበቡ። ብርቄ የድሮ የግቢያችን ጎረቤት ናት፤ አሮጊት እናቷን ልጦር ብላ ወደ አገሯ ከተመለሰች ቆይታለች። ቤቷን ጠይቀን ስንደርስ ፎቶ ቤት ሆኖ አገኘነው። በሩ ላይ የቆመው ጎልማሳ «ብርቄ? እሷማ ልጇ ናዝሬት ከወሰዳት ስንት ጊዜዋ!» አለን። እናቴ የያዘችላትን ስኳር እንደታቀፈች ቀረች። የሄኖክ እቅድ ብርቄን አያውቅም ነበር፤ የእናቴ እቅድ ደግሞ ብርቄ መሄዷን አያውቅም።

ልንመለስ ስንል የፎቶ አንሺው ሚስት ከጓዳ ብቅ አለች። «ብርቄን ብላችሁ መጥታችሁ ከዚህ ቤት ሳትቀምሱ አትወጡም» አለችን። የእናቴን የሻሽ አስተሳሰር አይታ ነው መሰለኝ፣ ምንም ሳትጠይቀን አዲስ ድስት አውጥታ ሽሮ ሠራች፣ ከጎኑም ምስር። እሷ አንገቷ ላይ ማተብ አስራለች። ስለዚያ ነገር ማንም አንድ ቃል አልተነፈሰም። ካዛንቺስም እንዲሁ ነበርን፤ ለበዓል ሁለት ድስት የሚጣድባቸው ቤቶች ነበሩን።

ከምሳ በኋላ ባልየው እናቴን ካላነሳሁ ብሎ ሞገተ። መጋረጃው ላይ ሐይቅና ዳክዬ ተሥሎበታል። እናቴ ከሥዕሉ ፊት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን እዚያም አልለቀቀችም። ክፈሉ አላለንም፣ ብርቄ የሄደችበትን የልጇን አድራሻ ግን ጽፎ ሰጠን። ግርማ ሰዓቱን እያየ ውጭ ይንጎራደድ ነበር።

እዚያ የቆየንበት ዋጋ አስከፈለን። ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ጫማ ያስወልቃል፤ ከሚሴን ስናልፍ ሰማዩ ጠቆረ፤ ኮምቦልቻ ላይ ዝናቡ ለቀቀው። የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ስንገባ መሽቷል፣ መብራትም ጠፍቷል። እናቴ የፋጡማን ቤት የምታውቀው በአንድ ትልቅ ወይራ ነበር፤ ፋጡማ የአክስቷ ልጅ ናት፣ አብረው ነው ያደጉት። ወይራውን ፈልገን ጭቃ ለጭቃ ዞርን። ወይራው የለም።

«እማማ» አለ ግርማ በመጨረሻ፣ «ሆቴሉ ተይዟል። አልጋ አለ፣ ሙቅ ውሃ አለ። ጠዋት እንፈልጋቸዋለን።»

እናቴ እርጥብ ቀሚሷን አየችው። «እንደ ሌባ በጨለማ የሰው በር አልመታም» አለች። ቆይታ ደግሞ በዝግታ «አንድ ሌሊት ነው። ማን ያየናል?» አለች። እኔማ ደስ አለኝ፤ ሄኖክን በልቤ መረቅኩት።

ሆቴሉ ጥሩ ነበር፣ አንሶላው ነጭ፣ ውሃው ሙቅ። መብራቱን አጥፍተን ስንተኛ ከወዲያኛው ክፍል አንድ ሰው ሳለ። «አይ የሰው ልጅ፣ ሰው የ...» ብላ ጀመረችና አቋረጠችው።

ሁለተኛው ቀን። ቁርስ ልንወርድ ደረጃው ላይ ስንደርስ ከታች ጩኸት ሰማን። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ዣንጥላዋን እንደ ዱላ ይዛ መሃል አዳራሹ ላይ ቆማለች። ለካ ክፍላችንን ያስተካከለችው ልጅ የፋጡማ ጎረቤት ናት፤ የሐይቅ ሰው መልክ አይታ፣ ስም ጠይቃ፣ ገና ሳይነጋ ሄዳ ነግራታለች።

«ዘይነባ!» አለች ፋጡማ። «ሞቻለሁ እንዴ? ሞቼ ከሆነ ንገሪኝና ልቀበር!»

እናቴ ደረጃው ላይ ቀልጣ ቀረች። «ወላሂ ፋጤ፣ መሽቶብን፣ ዝናቡ...»

«እኔ ደሴ እያለሁ አንቺ በቁልፍ ተቆልፈሽ ታድሪያለሽ? አገር ምን አለ መሰለሽ?»

ሻንጣችንን ራሷ ተሸክማ ወጣች። ግርማ ሊቀበላት ቢሞክር በዣንጥላው አባረረችው። ቤቷ ማታ ከዞርንበት ቦታ በጣም ቅርብ ነበር፤ ወይራውን ቆርጠው ባንክ ሠርተውበታል። አነባበሮ በቅቤ አቀረበችልን፤ አንድ ታጎርሳለች፣ አንድ ትሰድባለች። ለግርማም ከሁለቱም ደረሰው። በሕይወቴ እንደዚያ እየተሰደብኩ እንደዚያ ጠግቤ አላውቅም።

ሆዳችን ሞልቶ ሳቅ ስንጀምር ፋጡማ ዋናውን አመጣችው። ወሬው ከእኛ ቀድሞ በጠዋቱ ሚኒባስ ሐይቅ ደርሷል። ሰይድ እህቱ ደሴ መጥታ ሆቴል እንዳደረች ሰምቷል። «ሽማግሌ ልኬበታለሁ» አለች ዓይኗን ሳታነሳ። ከሰዓት በኋላ መልሱ መጣ። «ሆቴል የሚያድር እንግዳ ነው። እንግዳውን ሆቴሉ ያስተናግደው።»

እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፣ እሱ ነው ያስፈራኝ። ለስንት ዓመት ያጠራቀመችውን ድፍረት አንድ ነጭ አንሶላ በላው። ወጥቼ ከቴሌ ሴንተር ሄኖክ ዘንድ ደወልኩና ብሶቴን አፈሰስኩበት። እሱ ምስኪን ምን ያድርግ? «ሐያት፣ ማለቴ፣ እንደዚህ ዓይነት ነገር ገጥሞኝ አያውቅም» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ «ሎጁን እሰርዘዋለሁ። ግርማን ግን እስከፈለጋችሁ ያዙት፣ ቀን አትቁጠሩ» አለ። ለዚህች ቃሉ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ተመልሼ «እንመለስ ይሆን?» ብላት እናቴ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች። «ወዴት? እኔ ገና አልደረስኩም» አለች።

ሦስተኛው ቀን። ፋጡማም ከእኛ ጋር መኪና ውስጥ ገባች። ሐይቅ ከደሴ ቅርብ ነው። ውሃው ከሩቅ ሲታይ የጠዋት ፀሐይ አርፎበት እንደ ሳፋ ያበራ ነበር፤ ጀልባዎችም አሉ፣ ደሴት ላይ የቆየ ገዳምም አለ ይላሉ። ስለ ውበቱ ከእኔ አትጠብቁ፣ የማየው የእናቴን ጀርባ ብቻ ነበር። ከከተማዋ ወጥተን መኪና የማይሄድበት ስንደርስ ግርማ አቆመ።

እናቴ ከመኪናው ጀርባ ዞራ ቦርሳዋን ፈታች። ስትመለስ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራዋለች። ጥቁር ቀሚሱን ለአባቴ ሐዘን የለበሰችው መስሎኝ ነበር፤ አይደለም፣ አዲስ ነው፣ ካዛንቺስ አሰፍታ ነው ያመጣችው። ከብርቄና ከፋጡማ ወዲያ አላህ አለ ያለችው ይህን ነበር። ለመታረቅ ሽማግሌ ልትለምን አልመጣችም፣ ለቅሶ ልትደርስ ነው የመጣችው።

የሰይድ ቤት በቅንጭብ አጥር የታጠረ ነው። በሩ ተዘግቷል፤ ጣሪያው ላይ ግን ጭስ አለ። እናቴ ከበሩ ራቅ ብላ፣ ለቅሶ የሚደርስ ሰው በሚቆምበት ቦታ ቆመች። ከዚያ ጮኸች።

«እናቴ! እናቴ ዋ! ዘገየሁብሽ! መንገድ ተዘግቶብኝ፣ ልጅ ይዞኝ፣ እፍረት ይዞኝ፣ ዘገየሁብሽ እናቴ!»

እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሷ ወጥቶ አያውቅም። ፋጡማ ለቅሶውን ተቀበለቻት። በማሳው ላይ ጎንበስ ያሉት ሴቶች ቀና አሉ፣ ማጭዳቸውን ጥለው መሮጥ ጀመሩ። አራሹ በሬዎቹን አቁሞ መጣ። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ለቅሶ ከተሰማ ይወጣል፣ ጥያቄው በኋላ ነው። ደርሰው ሲረዱ፣ ከሞተች ስንት ዘመን ለሆናት አሮጊት እንደ አዲስ አለቀሱላት። ግርማ እንኳ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነ። እኔም አይቻት ለማላውቃት አያቴ አነባሁ። አንድ ሽማግሌ «አብሽሪ፣ አብሽሪ፣ አላህ ያጽናሽ» እያሉ እናቴን ሊይዟት ይሞክራሉ፤ አልተያዘችም።

በሩ ተከፈተ። አጎቴን ያየሁት ያኔ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጋቢውን አንገቱ ድረስ የተከናነበ። የገዛ እናቱ እየተለቀሰች ቤት ተቀምጦ መስማት አልቻለም። በሩ ላይ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አያት። የእናቴ አገጭና የእሱ አገጭ እኩል ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ዘይኑ» አላት በመጨረሻ፣ «እናታችን ደጅ ላይ አትለቀስም። ግቢ።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ለይቼ ልነግራችሁ አልችልም፣ ሁሉም አንድ ቀን ነበሩ። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። ጎረቤት በየተራ እንጀራና ወጥ ያመጣል። ግርማ ከወንዶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ስለ ላም ዋጋ ይከራከር ጀመር። ማታ እኔና እናቴ መደብ ላይ ጎን ለጎን እንተኛለን፤ ግድግዳው ጭቃ ነው፣ በወዲያኛው በኩል የሚስለው አጎቴ ነው። «ሰይዶ ብርድ መትቶታል» ትለኛለች። በድምጿ ውስጥ ደስታ ነበረበት፣ ሰው ወንድሙ ሲስል ደስ እንደሚለው ያኔ ነው ያመንኩት።

ስለ ይቅርታ አንድም ቀን አላወሩም። በሦስተኛው ማታ ግን አጎቴ ወደ ጓዳ ተጣርቶ «ውሃ አሙቁላት እንጂ! እሷ ሆቴል ለምዳለች!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ስትስቅ እንባዋ ወረደ። መታረቃቸውን ያወቅሁት በዚያ ነው።

የመመለሻው ቀን እስከ መኪናው ሸኘን። ማር በቅል፣ በሶ በከረጢት አሸከመን። እናቴ መስኮቱን ስታወርድ አጎቴ ጎንበስ አለ።

«እንግዲህ ስሞት እንዳትዘገዪ» አላት።

«አንተም» አለችው።

ከጣርማበር በታች ስንደርስ ጥቁሩን ቀሚስ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። ካዛንቺስ ስንገባ የግቢያችን ሴቶች በር ላይ ጠበቁን፤ የፔንሲዮኑ ቆርቆሮ እንደ ወትሮው ይንኳኳል።

ሄኖክ ሁሉንም ቁጭ ብሎ ሰማኝ። «እና የቱ ይሻላል? ራስ ማቀድ ወይስ እኔ?» አለኝ እየሳቀ። እውነቱን ነገርኩት፤ ያለ እሱ መኪና ዝናብ ላይ እናድር ነበር፣ ያለ እናቴ ቦርሳ ደግሞ ሐይቅን አይተን ሰይድን ሳናይ እንመለስ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአገር ሰው ቢሮው ሲገባ፣ ስለ ሆቴል ከማንሳቱ በፊት «እዚያ ዘመድ አላችሁ?» ብሎ እንደሚጠይቅ ራሱ ነገረኝ።

አሁን ካዛንቺስ ያ ግቢ የለም። ፈርሶ ፎቅ ሆኗል፤ ፔንሲዮኑም፣ የአጥሩ ቀዳዳም። እኛ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰን። እናቴ እዚያ ተመችቷት አያውቅም፤ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ የማንም ሳል አይሰማም። «ይሄ ሁሉ ሰው ሆቴል አድሮ ነው የሚኖረው» ትለኝ ነበር ኮሪደሩን እያየች።

አንድ ሌሊት ጥላን ሄደች። በእኛ ደንብ ቀብር አይዘገይም። አጎቴ ሰይድ ጋ ስደውል ከሐይቅ ለመነሳት የመጀመሪያውን መኪና መጠበቅ ነበረበት። አዲስ አበባን ረግጦ አያውቅም። ሄኖክን አስቸገርኩት፤ ግርማን መናኸሪያ ላከልኝ። ቀብሩ ላይ የድሮ ሰፈራችን ሰዎች በየታክሲው ከያሉበት መጡ። የብሎካችን ጎረቤቶች ግን ማንን እንደቀበርን እንኳ አላወቁም፤ ደረጃው ላይ አንገታቸውን ሰበር አድርገው አልፈው በራቸውን ዘጉ። ደብረ ሲና የተነሳችውን ፎቶ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ብቻዬን ነጋልኝ።

አጎቴ የደረሰው በማግስቱ ጠዋት፣ ቀብሩ ካለፈ በኋላ ነው። ግርማ ወደ ሊፍቱ ሊመራው ሲል አጎቴ ክንዱን አስለቀቀ። በመስኮት አየሁት፤ ከደረጃው ሥር፣ ከበሩ ራቅ ብሎ፣ ጋቢውን ወገቡ ላይ አስሮ ቆመ።

«ዘይኑ! እህቴ ዋ! ዘገየሁብሽ!»

ድምፁ በኮንክሪቱ ላይ ወጣ። አንድ በር ሲከፈት ሰማሁ፣ ቀጥሎ ከላይ ሌላ፣ ከታች ሌላ። ስማቸውን የማላውቃቸው ሴቶች ነጠላቸውን እየደረቡ፣ ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ፣ ደረጃውን ይወርዱ ጀመር።